ፀሐይ የወጣበት ሌሊት

[አዋሽ ከተማ፤ ከኬላው ፊት ለፊት ያለው የአብዱናሲር ሻይ ቤት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ታዴዎስ በሰመራ የሕግ ተማሪ ነው፤ ስለ ዲጂታል ማስረጃ የሦስት ቀን ሥልጠና ከወሰደ ወዲህ የገዛ ዓይኑን እንኳ ሳያጣራ አያምንም።]

ታዴዎስ፦ ጋሽ አብዱናሲር፣ ትናንት ነግሬዎታለሁ፤ ቪዲዮው ሐሰተኛ ነው።

አብዱናሲር፦ በገዛ እጄ የቀረጽኩት?

ታዴዎስ፦ የቀረጸ ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም።

አብዱናሲር፦ ሱሩርን እዚህ በሬ ላይ ነው እኮ በዱላ የቀጠቀጡት። አሁን የኬላው ጠባቂዎች «ከመኪና ወድቆ ነው» ይላሉ። ያለዚህ ቪዲዮ ማን ያምነዋል?

ታዴዎስ፦ ፋይሉ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ይላል። ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ከዐሥር መሆኑ ነው። ቪዲዮው ላይ ግን ፀሐይ ወጥታለች።

አብዱናሲር፦ ጠዋት ነዋ የቀረጽኩት።

ታዴዎስ፦ ሰው ይሳሳታል፤ ፋይል አይሳሳትም። የሱሩርን ጥላ ይመልከቱ፤ ረጅም ነው።

አብዱናሲር፦ ሱሩር ራሱ ረጅም ነው። ዛሬ ጠዋት የመጣችው ሴትዮም ጥላውን አይታ ስልኬን—

ታዴዎስ፦ ደንበኞችዎን ይተዉልኝ። የሱሩርን ጉዳይ የያዙት መርማሪ ወይዘሮ ተስፋነሽ ከሰመራ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳሉ፤ በመልእክታቸው «9:00» ብለዋል። እውነቱን ካልነገርኳቸው ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

[የሥልጠና ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋል። ሱሩር አብሮ አደጉ ነው፤ ሥልጠናውንም የገባው እንዲህ ላለ ቀን ይሆነኛል ብሎ ነበር።]

አብዱናሲር፦ አብሽር። እስቲ ስልኬ ስንት ሰዓት ይላል?

ታዴዎስ፦ ስምንት። [ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያያል] ለምን ስምንት ይላል?

አብዱናሲር፦ ስምንት ስለሆነ። በሀበሻ ሰዓት ነው የሞላሁት፤ እዚህ ቤት ሻይ የሚጠጣ ፈረንጅ የለም።

ታዴዎስ፦ [ይቀመጣል] እንግዲያው ሦስት ከዐሥር ማለት... ጠዋት ሦስት ከዐሥር።

አብዱናሲር፦ ሴትዮዋም ያለችው ይህንኑ ነው። ስልኬን ከራሷ ስልክ ጎን አድርጋ ፎቶ አነሳች፤ ልዩነቱን ጻፈች፤ ቪዲዮውን ገለበጠች። ከዚያ ሱሩርን ልታናግር ወዳለበት ወደ አዋሽ አርባ ሄደች።

ታዴዎስ፦ የትኛዋ ሴትዮ?

አብዱናሲር፦ ተስፋነሽ ናታ። ማታ ገብታ እዚሁ ከተማ አድራለች። ዘጠኝ ያለችህም በፈረንጅ ኖሯል።

ታዴዎስ፦ [የሥልጠና ወረቀቱን ቀስ ብሎ ያጥፋል] ስለ እኔ... ምንም አልጠየቁም?

አብዱናሲር፦ «ባለሙያው ታዴዎስ የት አለ?» አለችኝ። ስልኬን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ይላል። በአንተ ቆጠራ ሌሊት ዘጠኝ ነው። «ተኝቷል» አልኳት።