የትርሓስ ጃንጥላ

ፀሐይ የሌለበት አገር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የዕድሜዬን እኩሌታ ስዊድን ጨርሻለሁ። እዚያ ደመናው ለአፍታ ገለል ሲል ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ሣር ላይ ራሱን እንደ በርበሬ ያሰጣል። መቀሌ ስመለስ ያ ሁሉ ፀሐይ በነፃ ይወርዳል፤ ሴቱ ሁሉ በጃንጥላ ይመክተዋል። እግዜርም አድራሻ ይሳሳታል ማለት ነው ብዬ አኮረፍኩ።

ከጃንጥለኞቹ ሁሉ የምትብሰው ታናሽ እህቴ ትርሓስ ናት። ምክንያት አላት። ኤች አይ ቪ በደሟ ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ መድኃኒቷን ሳታጓድል ትወስዳለች፤ ከእኔ በቀር ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መድኃኒቱን ለማምጣት ከሰፈራችን ከሓድነት ወደ ዓይደር ሆስፒታል ስትሄድ ፊቷን የምትሸሽገው በጃንጥላዋ ነው። ደግሞ ምን ዓይነት ጃንጥላ መሰላችሁ! ወይን ጠጅ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ ታቦት ሊያጅብ የወጣ የሚመስል። መደበቂያ ስትመርጥ ይህን መረጠች።

አንድ ቀን መንገድ ላይ የዕድራችንን ዳኛ አየችና ጃንጥላውን እስከ አፍንጫዋ አወረደችው። ዳኛው አላያትም። እሷም ድንጋዩን አላየችውም። ሕፃናት ወድቀው፣ አቧራቸውን አራግፈው የሚሮጡበትን ዓይነት አወዳደቅ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ግን ተሰበረ።

ሐኪሙ «በዚህች አወዳደቅ?» ብሎ ተጠራጠረና መረመራት። አጥንቷ ሳስቷል። ቫይረሱም፣ አንዳንዱ መድኃኒትም፣ ዕድሜም ተረባርበውበታል።

«እንግዲያው መድኃኒቱን ልተወው» አለች ትርሓስ።

«እሱን ከተዉማ የሚተርፍልን አጥንትዎ ብቻ ነው» አለ። «መቀየር ካለበት እኛ እንቀይረዋለን። እርስዎ ወተት ይጠጡ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ፀሐይ ይሙቁ። የሚቀጥለው ስብራት ዳሌዎ ላይ ከሆነ ከአልጋ መነሳት የለም።»

ፀሐይ! የግቢያችንን ፀሐይ ጎረቤት የተሠራው ፎቅ ወስዶታል። የቀረው መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ሰው አለ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ‹ምን ሆነሽ ነው ፀሐይ የምትሞቂው?› ሲሉኝ ምን እላለሁ? ዳሌዬ ይሰበር!» አለችኝ።

ስለ አጥንት የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ከሁለት ቋንቋ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እንቅልፍ ወሰዳት።

በኋላ ከወሎ መጥታ ከበራችን አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ዘይነባ የተሰበረውን እጅ ልትጠይቅ ገባች። ትርሓስም ስለ በሽታዋ ሳትተነፍስ፣ ፀሐይ ሙቂ መባሏንና ሰው እንዳያያት መፍራቷን ብቻ ነገረቻት።

«ኧረ አብሽሪ! ሰው መች አይቶሽ ያውቃል?» አለች ዘይነባ። «እኛ የምናውቀው ጃንጥላሽን ነው። ወር በገባ ቁጥር ከመድኃኒቱ ክፍል ደጅ ተንጠልጥሎ ከመንገድ ይታያል። የቀረ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ‹አቋረጠች እንዴ?› ብሎ ይጨነቃል።»

ትርሓስ ክው አለች። «ታውቁ ነበር?»

«ድሮ!»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ተደብቄያለሁ ስትይ ደስ ይልሽ ነበራ!»

ትርሓስ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ሳቀች። ከዚያ ሰፈሩን ከነዘር ማንዘሩ በትግርኛ ረገመችው። በማግስቱ ጠዋት ወንበሯን ዘይነባ ሱቅ በር ላይ አወጣችና፣ ስንት ዘመን የሸሸገችውን ፊቷን ለፀሐይ ሰጠችው።

ጃንጥላው ለእኔ ተረፈ። የስዊድን ደመና ያለፋው ቆዳዬ የመቀሌን ፀሐይ አልችል ብሎኝ፣ በቀደም ይዤው ወጣሁ። ገና ከበር ሳልርቅ አንድ ባጃጅ ሳልጠራው ቆመ።

«ዓይደር ነው አይደል፣ አደይ? ይግቡ እናቴ» አለ ሹፌሩ። ከጃንጥላው ሥር ማን እንዳለ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። «እጅዎ ተሻለዎት? አይዞዎት፤ ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ።»

«ተሻለኝ» ብዬ ገባሁ። ዓይደር ድረስ ሄዶ እንዲሁ መመለስም ያስተዛዝባልና፣ ሐኪሙን የእኔንም አጥንት እይልኝ አልኩት። ከእህቴ የባሰ ሆኖ ተገኘ። የስዊድን ደመና ነው ያገኘኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ዘይነባ በር ላይ ሁለት ወንበር አለ፤ ጃንጥላው ቤት ተሰቅሏል። ያ ባለ ባጃጅ ግን ባለፈ ቁጥር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በራችንን እያየ፣ ራሱን ይነቀንቃል። አቋረጠች ብሎ መጨነቁ ነው። ትርሓስ የዳነ እጇን ታውለበልብለታለች።

አያውቃትም።