ለሳተላይት የተቀባው ከተማ

የዓለም የሕዋ ዘርፍ አቅጣጫውን እየቀየረ ባለበት በዚህ ወሳኝ ወቅት፣ የእኛ ማዘጋጃ ቤት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ብሎ የጠበቀ ካለ፣ አላወቀንም ማለት ነው። ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል፤ አመራራችን ግን አልደረቀም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የውሃ ፈንድ ለእኛና ለጎረቤታችን ከተማ በላከው መልእክት ነው። ጉድጓድ የሚቆፈረው ለአንዳችን ብቻ ነው፤ ለማን እንደሆነ የሚወሰነው ደግሞ ከሳተላይት በሚነሳ ፎቶ ነው። ኃላፊያችን ወዲያው አዳራሽ ሰበሰቡን።

«ድሮ ሕዋ የኃያላን ነበር» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ዛሬ ሮኬት ረክሷል፤ ሳተላይት እንደ አሸን ፈልቷል፤ የግል ኩባንያው ሰማይን እየቸረቸረ ነው! እንግዲህ ስትራቴጂካዊው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከላይ ስንታይ ምን እንመስላለን?»

አጨበጨብን። እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ አጥር ይቀባል፤ የቆየ ደንባችን ነው። እንግዳው በመንገድ ሲመጣ አጥር ከተቀባ፣ በሰማይ ሲመጣ ጣሪያ እንደሚቀባ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። የከተማው ጣሪያ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አቧራ የሚያቦነው የኳስ ሜዳ እንኳ ቀለም ተረጨ።

ታላቅ እህቴ የልብስ ንጽሕና ቤት አላት። ውሃ ከጠፋ ወዲህ ማሽኖቿ ቆመዋል፤ የሰው ልብስ በጆንያ ተከምሯል፤ ደንበኛ እየመጣ ይጮህባታል። ቤቱን ልትዘጋው ምንም አልቀራት። ጣሪያዋ ላይ ወጥቼ ብሩሼን ስነክር ከታች ተጣራች።

«አንተ! እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«ገጽታ ግንባታ።»

«ሰዎቹ የሚፈልጉት ደረቅ ከተማ አይደለም እንዴ? ድርቀታችንን አይተው ይቆፍሩልን እንጂ!»

«ገመናን ለባዕድ ማሳየት ነውር ነው፣ እታለም። ደግሞ የሕዋ ኢኮኖሚ አይገባሽም።»

«ወይ ጉድ! እናንተን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ውሃውስ የታለና!»

የጎረቤት ከተማ ሰዎች፣ እነዚያ ሰነፎች፣ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልቀቡም። ሆዳችንን ይዘን ሳቅንባቸው።

ሳተላይቱ አለፈ። ፎቶውን ሰው አላየውም፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሚያየው ኮምፒውተር ነው። እሱ ደግሞ አረንጓዴ ይቆጥራል እንጂ ቀለም ይሁን ቅጠል አይጠይቅም። እሰይ፣ በልምላሜ አንደኛ ወጣን! ጉድጓዱም ለሰነፎቹ ተቆፈረላቸው።

ይህን ስነግራት እህቴ የቆመ ማሽን ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችው፤ ግን በድል ሰሞን ማዘን ደንብ ስላልሆነ ዋጥ አደረግኩት።

ፈንዱም ኃላፊያችን ጎረቤት ከተማ ሄደው የልምላሜ ተሞክሯቸውን እንዲያካፍሉ ጋበዛቸው። በማግስቱ ደረታቸውን ነፍተው ወደ እህቴ ቤት ገቡ።

«ሙሉ ልብሴ ደረሰ? ነገ ጎረቤት ከተማ ትልቅ ንግግር አለብኝ።»

እህቴ ከጆንያው ውስጥ ጎትታ አወጣችው፤ የኮሌታው እድፍ እንዳለ ነው። አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ይኸው ጋሼ፣ እንዳመጡት ነው። ይዘውት ይሂዱ፤ እዚያ አጥብልዎታለሁ። ማሽኖቼን ዛሬ እየጫንኩ ነው።»