የጤነኛ ቁጥር ሰባት እንባ

የዓይን ብግነት ፕሮቲኖች ጥናት ኮሚቴ ስብሰባ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ቦታ፦ የላብራቶሪው የኋላ ክፍል፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ የላብራቶሪ ባለሙያዋ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያው (በቅጽል ስሙ አማካይ) እና ጸሐፊው።

ጸሐፊው አምስት ሰው ቆጥሮ ነበር፤ “አራት ነን” ስለተባለ ታርሟል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ መጋረጃ

ጸሐፊው ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ስለሆነ መጋረጃው እንዲዘጋ ጠየቀ። አማካይ በጨለማ መሰብሰብ ለሐሜት እንደሚዳርግ አሳሰበ። ከረጅም ውይይት በኋላ በግማሽ እንዲዘጋ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ጤነኛ ቁጥር ሰባት

የላብራቶሪ ባለሙያዋ እንዳስረዱት፣ ለማነጻጸሪያ እንባውን የሚሰጥ ጤነኛ ሰው ስለጠፋ የኮሚቴው አባላት ከነዘመዶቻቸው አዋጥተዋል። ሆኖም ዓይን ሲቆጣ እንባ ውስጥ የሚበዙት ፕሮቲኖች ከታማሚዎቹ ሁሉ በላይ የተገኙት በጤነኛ ቁጥር ሰባት ላይ ነው። ቁጥር ሰባት ጸሐፊው መሆኑ ታውቋል።

ሰብሳቢው ሪፖርቱ ነገ እንደሚላክ አስታውሰው ማሽኑን ወቀሱ። ባለሙያዋ፣ “ማሽኑ ምን በደለ? እሱን እዩት እንጂ፣ ዓይኑ ፍም መስሏል!” አሉ። ጸሐፊው እንቅልፍ ብቻ እንዳነሰው በሙሉ ልብ አስረዳ፤ ያስረዳው ግን ለማቀዝቀዣው እንደነበር ተጠቁሟል። “ዓይንዎ ከቀላ ዛሬውኑ ይታዩ” የሚለውን የግድግዳ ማስታወቂያ የጻፈው ራሱ ጸሐፊው መሆኑም ያለርኅራኄ ተነስቷል። አማካይ፣ “ወንድሜ፣ እንባህን ስጠን አልን እንጂ ዓይንህን መች ጠየቅንህ?” አለ።

ሰብሳቢው ጸሐፊው እስከ ነገ ጤነኛ ሆኖ እንዲቆይ ሐሳብ አቀረቡ። በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ጸደቀ። ጸሐፊው ለራሱ ጤንነት እጁን ያወጣው ሐኪም ፈርቶ ነው።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

አማካይ ሦስትና ሁለት አምስት እንደሚሆን፣ ተሰብሳቢው ግን አራት መሆኑን አመለከተ። ሦስተኛው ደጋፊ ማን እንደሆነ የተጠየቀው ጸሐፊ፣ በሩ አጠገብ ቆመው ከመጀመሪያው ጀምሮ ቃል ወዳልተነፈሱት ነጭ ለባሽ አባል ጠቆመ። መንጠቆ ላይ የተሰቀለ ጋዎን ነው። አንድ እጅጌው መንጠቆው ላይ ተይዞ እንደ እጅ ወደ ላይ ቆሟል።

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?” አሉ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ሪፖርቱ ይቆይ። ቁጥር ሰባት ከጤነኞች ወደ ታማሚዎች ተዛውሯል፤ ጸሐፊውም አብሮት። ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተበትኗል።

ይህን የመጨረሻ ክፍል የጻፍኩት እኔ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ነኝ። ጸሐፊውን ሰብሳቢው ክንዱን ይዘው ወደ ዓይን ሐኪም ወስደውታል። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ የጋዎኑን እጅጌ ጨበጠና፣ “ስለ ድጋፍዎ አመሰግናለሁ” አለው።