ሊቁን ማን ይተካዋል?

(የሳሙና ፋብሪካ፣ ከሰዓት በኋላ። ሊቁ የሚሉት የመቁረጫ ማሽኑ ሠራተኛ ነው፤ ማሽኑን ከእሱ በቀር የሚያስነሳው የለም። ዝንጉ የሚሉት ጓደኛው ማሸጊያ ክፍል ነው፤ የበላውን እንኳ ይረሳል። ዛሬ የፈረቃ አለቃ ይሾማል፤ ሊቁም ሹመቱን እጁ እንደገባ ቆጥሮታል። ሥራ አስኪያጁ «እውቀታችሁን ተካፈሉ» ስላሉ ዝንጉ ሊማር መጥቶ በአንድ እግሩ ቆሟል።)

ዝንጉ፦ ግራ እግር ነው ያልከኝ! በጆሮዬ ሰምቼ!

ሊቁ፦ ግራማ ለጠዋት ነው። አሁን ቀኝ!

ዝንጉ፦ እግሬ ለማሽኑ ምን ይፈይድለታል?

ሊቁ፦ ወይ አለማወቅ! ማሽን እኮ ይቀየማል። በል አንዴ ዙረውና ሰላም በለው።

ዝንጉ፦ (እየዞረ) ጋሽ ማሽን፣ እንደምን ዋሉ?

ሊቁ፦ ጮክ በል፣ አርጅቷል። አሁን ቁልፉን ተጫን።

ዝንጉ፦ (ይጫናል። ማሽኑ አይነሳም።) ውይ፣ አኩርፏል!

ሊቁ፦ (ከጀርባ ያለችውን ድብቅ ማብሪያ በክርኑ ጠቅ ሲያደርጋት ማሽኑ ይነሳል። «እሷን ካሳየሁት ምኑን ሊቅ ሆንኩ?» ይላል በልቡ።) አየህ? እጅ ይመርጣል።

ዝንጉ፦ እኔ እኮ የማሸጊያውን ሥራ ለሁሉም አስተማርኩ። ለጥበቃው፣ ለሹፌሩ፣ ለጽዳቷ እትዬ...

ሊቁ፦ አብደሃል? ሁሉም ካወቀው አንተን ማን ይፈልግሃል?

ዝንጉ፦ ምን ላድርግ፣ እረሳለኋ! ሲጠፋኝ እነሱን እጠይቃለሁ። ትላንት የካርቶኑ አፍ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኝ ጥበቃው ነው የገላገለኝ።

ሊቁ፦ (ይስቃል) አይ የኔ የዋህ! ሥራ አስኪያጁ ጠዋት «ከማሽኑ ብትነሳ ማን ይተካሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ደረቴን ነፍቼ «የሚተካኝ አልተወለደም» አልኳቸው።

ዝንጉ፦ እኔንም ጠይቀውኛል! «ያገኙትን ሰው ያስቀምጡ» አልኳቸው።

ሊቁ፦ (ሆዱን ይዞ) አበቃልህ በቃ! ምን አሉህ?

ዝንጉ፦ አንድ ነገር ብለውኝ ነበር... ለሊቁም ንገረው ብለውኝ ነበር... ጠፋኝ። (ወደ በሩ እየጮኸ) እትዬ! እርስዎም ሰምተዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ምን ነበር ያሉኝ?

(ከውጭ የጽዳቷ እትዬ ድምፅ ይመልስለታል። ዝንጉ ግንባሩን ይመታል።)

ዝንጉ፦ ለካ! «ሊቁ ከማሽኑ ከተነሳ ፋብሪካው ይቆማል፣ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ይቆይ። አንተን ብናነሳህ ግን የሚጎድል ነገር የለም፤ የፈረቃው አለቃ አንተ ነህ።»

ሊቁ፦ (እጁን እየያዘ) ኧረ ቆይ ወንድሜ! ና፣ ሁሉንም አሁኑኑ አስተምርሃለሁ!

ዝንጉ፦ ምን ያደርግልኛል? አለቃ እኮ ነኝ።