ጉንጬን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች

በእኛ አገር የታመመ ሰው ይጠየቃል። ቃሉን ማን እንዳወጣው ባላውቅም፣ አልጋ ላይ ሆኖ የተጠየቀ ሰው እንደነበር ግን እጠረጥራለሁ። የሚመጣው ሰው የምሩን ነው የሚጠይቀው። ምንህን ነው? መቼ ጀመረህ? ምን በልተህ ነበር? የቀደደህ ሐኪም ልጅ ነው ትልቅ ሰው? ጮኸሃል? መልሰህ ሳትጨርስ ሌላ ሰው በበሩ ብቅ ይላል፣ አንተም ከሀ ትጀምራለህ። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልክድም። ግን ለዚህ ፍቅር መልስ ለመስጠት ደህና መንጋጋ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን መንጋጋዬ በፋሻ ታስሮ ነበር።

መርሳ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከቀኝ ጆሮዬ ወረድ ብሎ፣ ጉንጬ ላይ፣ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣችብኝ። አታምም፣ አታሳክክ፤ በጣት ሲነኳት ሸርተት ትላለች። ተዋት ብዬ ተውኳት። እሷ ግን አልተወችኝም። ትንሽ ሎሚ አክላ ተማሪዎቼ ሰሌዳውን ትተው እሷን ማየት ሲጀምሩ ባለቤቴ ከድጃ ተቆጣች።

"ወልድያ ሂድና ታይ እንጂ ሰውዬ!"

"ነገ" እላለሁ። ነገም "ነገ" እላለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና ፈርቼ ነበር። ያ ስሙን ጮክ ብለን የማንጠራው በሽታ ቢሆንስ? ካልታየሁ የለብኝም፤ ይህ ነበር የሒሳብ መምህሩ ስሌት።

በመጨረሻ ሄድኩ። ያየችኝ ዶክተር ረጋ ያለች ወጣት ናት። ዳበስ ዳበስ አድርጋ "ስብ ይመስለኛል፤ ግን አውጥተን እናስመርምረው" አለች። ማደንዘዣ ወጋችኝ፣ መቀሱ ጆሮዬ ሥር ቅጭ ቅጭ ሲል እየሰማሁ ጣሪያው ላይ ያሉትን ስንጥቆች ቆጠርኩ፣ ስድስት ቦታ ሰፋችኝ፣ አለቀ። ከአገጭ እስከ አናቴ በፋሻ ጠምጥማኝ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦

"ለሳምንት ብዙ አታውራ። አትሳቅ። ጠንካራ ነገር አታኝክ። በሳምንቱ ስትመጣ ክሩን አወጣልሃለሁ፤ ውጤቱም ያኔ ይደርሳል።"

ይህች ልጅ ወሎ ውስጥ ታሞ የተኛ ሰው አይታ አታውቅም ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ጠያቂ ጎረቤቴ አቶ ደምሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየገጠሩ ከብት ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉንጬን ከቅርብም ከሩቅም መረመሩት።

"እኔም አንድ ጊዜ ሐራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከበሬ አንገት አውጥቻለሁ" አሉ። "በሬው ግን እንዳንተ አልተኛም። በማግስቱ አረሰ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ስድስቱም ስፌት እኩል ሳበኝና እንባዬ መጣ። አቶ ደምሌ እንባዬን አይተው "አይዞህ፣ አብሽር፣ ወንድ ሁን" እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። እሱም ስፌቱን ሳበው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ መናኸሪያ ሆነ። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ በቡድን መጡ። የከድጃ ዘመዶች መጡ። ማንነታቸውን እስካሁን ያላወቅኋቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ምሳ በልተው ሄዱ። አንዱ "የአጎቴ ልጅም ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነበር የወጣበት" ብሎ ጀመረልኝ። እሺ፣ አሁን እንዴት ነው አልኩት በዓይኔ። "አላህ ይማረው" አለና ሙዙን መላጥ ቀጠለ። ከድጃ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማኋት። ውጤቱ ገና አልደረሰም እኮ! የዚያን ቀን ተነሥቼ ሰውየውን ከነሙዙ ወደ ውጭ ላወጣው ምንም አልቀረኝም።

በሦስተኛው ቀን ካርቶን ቀድጄ "ሐኪም እንዳላወራ ከልክሎኛል" ብዬ በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። መንገድ አላፊው ሁሉ አንብቦ እየገባ "ለምንድን ነው የከለከለህ?" ይለኝ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን አክስቴ እትዬ ዘሃራ ከግራና ከተማ መጡ። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። እንዳላኝክ ለተከለከልኩት ለእኔ አንድ እቅፍ ሸንኮራ አገዳ ይዘው! "አላህ አፊያ ያርግህ ሰይዶ" ብለውኝ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ነገሩ አስደንግጦኝ ሳላስበው ደጋግሜ አየኋቸው። ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቁና "በሩን ዝጋው እስቲ" አሉኝ።

ዘጋሁት።

"አመመህ?"

"ሲወጉኝ ብቻ።"

"ሲቆርጡህስ?"

"አልተሰማኝም።"

"የነካህ ወንድ ነው?"

"ሴት ናት፣ እትዬ።"

ከዚያ ቀስ ብለው ሻሻቸውን ከአንገታቸው ፈቀቅ አደረጉት። ከጆሯቸው ሥር የእኔን እጥፍ የሚያህል እብጠት ተቀምጧል።

"መቼ ጀመረዎት?" አልኩ በድንጋጤ። እኔም ጠያቂ ሆኜ አረፍኩት።

"ዘጠኝ ዓመቱ።"

"ዘጠኝ ዓመት! ልጆችዎ ያውቃሉ?"

"አላህና እኔ ነን የምናውቀው። ምን ብዬ ልናገር? አንተን እንዳደረጉህ ሊያደርጉኝ? 'ዘሃራን ያ በሽታ ያዛት' ብለው ቆሜ ሳለሁ ሊያለቅሱልኝ?"

ተናደድኩ። በእሳቸው፣ በጠያቂው፣ "ነገ" ሲል በከረመው በራሴም ጭምር። ሐኪሟ ለሳምንት የከለከለችኝን ወሬ በአንድ ትንፋሽ አወራሁት፤ ድምፄን ሰምታ ከድጃ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ፋሻው ላይ ደም ጠብ ብሎ ነበር። እትዬ ዘሃራ ደሙን ሲያዩ "በቃ፣ በቃ፣ እሄዳለሁ! አንተ ብቻ ዝም በል" አሉኝ።

ክር በማወጣበት ቀን ሦስታችን ወልድያ ሄድን። ዶክተሯ ወረቀቱን ገልጣ "ስብ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም" አለችኝ። ከድጃ ታቅፈኛለች ብዬ ስጠብቅ "ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ጎለተህ!" ብላ በሐኪሟ ፊት ጮኸችብኝ። የእትዬ ዘሃራም በተራው ወጣላቸው። ለልጆቻቸው ለአንዳቸውም እንዳንናገር አስምለውናል። እስኪያገግሙ እኛ ቤት ተቀመጡ፤ ለጠያቂ ሁሉ "ጥርሳቸውን ነው" እያልን ዋሸን። ውጤታቸውን ልንቀበል እኔና እሳቸው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው አላወረዱም። የእሳቸውም ስብ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ገና ከወልድያ ሳይወጣ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ "ከየት ነው እናቴ?" ብለው ጠየቁ። በቃ። ዘጠኝ ዓመት ከገዛ ልጆቻቸው የደበቁትን፣ እኛን ያስማሉበትን ነገር፣ ሲሪንቃ ሳንደርስ ለሾፌሩም ለረዳቱም ለተሳፋሪውም አዳረሱት። ሻሻቸውን ገልጠው ጠባሳውን አሳዩ። ሎሚ የሚያህለውን ብርቱካን አደረጉት። ሰው ሁሉ "ማሻአላህ!" "አልሐምዱሊላህ!" ይላል። እኔ ከወዲህኛው ጎናቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ተቃጠልኩ። ስንት ውሸት ነው የዋሸሁላቸው!

መርሳ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ሴት ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ነጠላዋን አገጯ ሥር አጥብቃ ይዛለች።

"እናቴ፣ ያቺ ሴቷ ሐኪም በየትኛው ቀን ነው የምትገኘው?" አለች በለሆሳስ።

እትዬ ዘሃራ ወሬያቸውን አቆሙ። ልጅቱን ትንሽ አዩአት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሰይዶ፣ ተነሥ እስቲ" አሉኝ። ተነሥቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ልጅቱ በእኔ ቦታ ተቀመጠች፣ አክስቴ የሻሻቸውን ጫፍ በሁለታቸውም ላይ ጣል አደረጉና ቀስ ብለው ይነግሯት ጀመር።