«ፋይን» ተብላ ልትቀር የነበረችው ሴት

ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል ይላሉ። እኔ በወጣትነቴ ሦስት ቋንቋ አውቅ ስለነበር ሦስት ሰው መሆን ነበረብኝ፤ ከሦስቱ ግን አንዱ እንኳ በተፈለገበት ሰዓት አልተገኘም። አስተርጓሚ ሆናችሁ የማታውቁ ሰዎች ሥራው ቀላል ይመስላችኋል፤ ቃሉን ከወዲህ አንስቶ ወዲያ ማስቀመጥ ነው፣ እንደ ጡብ። ለእኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ጡቡ ሳይሸራረፍ በማድረሴ እኮራ ነበር። ቤቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ የአስተርጓሚ ሥራ አይደለም ብዬ ነበር የማስበው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርና አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ባኬ ጃማ ሜዳ ላይ ከጓደኞቼ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ትምህርት ቤት በአለንጋ ተማርኩ። በዚህ ሀብቴ ከነቀምቴ ወጣ ብላ መንገድ ዳር ባለችው በኡኬ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ሲስተር አይኖ የምትባል ፊንላንዳዊት ነርስ ነበረች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ቁጭ ብላ ያየኋት ትዝ የማይለኝ ሴት። በሽተኛው በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እነግራታለሁ፣ እሷ ደግሞ ለራሷ ወደ ፊንላንድኛ ትመልሰዋለች። የአንድ ገበሬ ቁርጠት ከሆዱ ተነስቶ እሷ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ኬላ ያልፋል ማለት ነው፤ በየኬላው ደግሞ አንድ ነገር መጉደሉ አይቀርም።

ሲስተር አይኖ እንግሊዝኛን አታምነውም። የትም ስትሄድ ጠርዙ ያለቀ ወፍራም መዝገበ ቃላት በብብቷ ነው። ከሁሉ የከፋችባት ደግሞ «ፋይን» የምትባለው ቃል ነበረች። አንድ ቀን ገጹን ገልጣ አሳየችኝ፤ ከመሐሉ እስከ ግርጌው በፊንላንድኛ ተሞልቷል። በጣቷ እየነካች አስረዳችኝ፤ ይኸኛው ቀጭን ማለት ነው፣ ይኸኛው ያማረ፣ ይኸኛው የላመ ዱቄት፣ ይኸኛው ደመና የሌለው ሰማይ፣ ይኸኛው ዳኛ የሚጥለው መቀጮ፣ ይኸኛው ጤነኛ። «እንግሊዞች ይህን ያህል ድሆች ናቸው? ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል?» አለችኝ። ቀልድ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው፤ ፊቷ አይስቅም ነበር።

አንድ ሌላ ጠባይም ነበራት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ስለ ጉልበታቸው ሲነግሩኝ፣ እኔ ከራሴ ወገባቸውንም ጨምሬ አስተረጎምኩና፣ ጤነኛ ወገባቸው ሲታሽ ዋለ። ስትደርስበት በጣቷ ደረቴን ነካ አድርጋ «የተባለውን ብቻ!» አለችኝ። ተቀየምኩ። የተቀየመ ወጣት ደግሞ ትእዛዝ ሲያከብር ይብሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዎቹ ካሉት ቃል በቀር አንዲት ትንፋሽ አልጨምርም ብዬ ማልኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ጠና ያለባቸውን በሽተኞች ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል የሚወስድ ላንድሮቨር ይመጣል። ቦታው ለአራት ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ስለሚያደርገው ከስድስት ሰዓት በፊት መነሳት አለበት። ስለዚህ ሲስተር አይኖ በሰልፉ እየተጣደፈች ትሄድና ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ታቀርባለች፤ «እንዴት ነህ?» መልሱን በካርድ ላይ በፊንላንድኛ ትጽፋለች። መኪናው ሊነሳ ሲል ደግሞ የሚሄዱትን ሰዎች ካርድ ለሆስፒታሉ ሐኪም በእንግሊዝኛ ትገለብጥላቸዋለች፤ እዚያ ፊንላንድኛ የሚያነብ የለማ።

እስቲ ፍረዱ። ወለጋ ውስጥ ሰላምታ አይቸኩልም። «አካም ጂርቱ?» ያላችሁት ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ቢመጣ እንኳ «ነጋ፣ ፈያ» ነው የሚላችሁ፤ ሰላም ነው፣ ጤና ነው። ቀጥሎ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡና ጎረቤቱ ይጠየቃል፤ ሁሉም ሰላም ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ «መቼም» ብሎ ትንሽ ዝም ይልና፣ ቤቱ መቃጠሉን የሚነግራችሁ ያን ጊዜ ነው። ውሸት እንዳይመስላችሁ። ሰው ገና ሰላም ሲላችሁ መከራችሁን ፊቱ ላይ መወርወር ነውር ስለሆነ ነው። እኛ ከጎጃምና ከሸዋ የመጣነውም እግዚአብሔር ይመስገን ማለታችን አይቀርም። የእኛ ምስጋና ግን ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው እህህታ ይሾልካል።

የሲስተርን ጥያቄ «አካም ጂርቱ?» ብዬ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። መልሱ ምን እንደሚሆንም አውቅ ነበር። ግን የተባለውን ብቻ ተብያለሁ።

የዚያን ሐሙስ ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቁሮ ነበር፤ ሾፌሩም በየደቂቃው ወደ ላይ እያየ ያጉረመርማል። ከሰልፉ ፊት የምክትል ወረዳው ጸሐፊ አቶ መንገሻ ተቀምጠዋል። የሳጥን ክዳን ወድቆባቸው አንድ ጣታቸው አብጧል። አቶ መንገሻ የሸዋ ሰው ናቸው፤ ወለጋ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረው የሚያውቁት ኦሮምኛ «ና» እና «ሂድ» ነው፤ ለመንግሥት ሥራ በቂ ነው። ሲስተር ገና አፏን ሳትከፍት «ሞትኩ! ልጆቼን አደራ!» አሉ። እኔም ቃል በቃል አስተረጎምኩ። የመኪናው የፊት ወንበር የእሳቸው ሆነ።

ከሰልፉ ወደ ኋላ፣ ቡሉኮ ተከናንባ የቆመች አንዲት እርጉዝ ሴት ነበረች፤ አዴ ጫልቱ። በእግሯ ነው የመጣችው፣ ብቻዋን፤ ባሏ ኦቦ ቶሌራ ቡና ይዞ ጊምቢ ወርዶ ነበር። እርጉዝ ደግሞ ለምርመራ በየሳምንቱ ይመጣልና ማንም ልብ አላላትም። «አካም ጂርቱ?» አልኳት። በሁለት እጇ አጥሩን እንደያዘች ራሷን ዝቅ አድርጋ «ነጋ። ፈያ። ኢሲን ሆ?» አለችኝ፤ እናንተስ ማለቷ ነው። ግንባሯ ላብ አውጥቷል። ብርድ ነበር። ላቡን አይቼዋለሁ፣ ይህን አልደብቃችሁም። «ፋይን» አልኩ ለሲስተር።

ሲስተር «ፋይን?» ብላ መዝገበ ቃላቷን ከፈተች። ቀጭን እንዳትል ሴትዮዋ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ናት። የትኛው ነው ብለን ቆመን ተከራከርን፤ ሴትዮዋ ፊት ለፊታችን ሆና ሁለታችንም አንገታችንን ገጹ ላይ ደፍተን። በመጨረሻ «ቴርቬ» የሚለውን መረጠች፣ ጤነኛ ማለት ነው። በአገሯ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙም ሰላምታቸው ይኸው ቃል እንደሆነ ነገረችኝ። እንዴት ደስ ይላል አልኳትና አለፍን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንግዲህ ለእኛ ነው።

ሰልፉ አልቆ ውኃ ልጠጣ ስወጣ አዴ ጫልቱ እዚያው አጥሩ ሥር ነበረች። «ያ ኦቦሌሳ» ብላ ጠራችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ እንዳታስቸግር እየፈራች። «ሐኪሟ ጥያቄውን የምታቀርብልኝ መቼ ነው?»

ሴትዮዋ ለሰላምታው በሥርዓቱ መልሳ፣ ጥያቄውን እየጠበቀች ነበር።

«አሁን ጠይቄሻለሁ፤ ምንሽን ነው ያመመሽ?» አልኳት።

«መቼም» አለች፣ ትንሽም ዝም አለች። «ምጡ ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል። ከዛሬ ማለዳ ወዲህ ደግሞ ልጁ ዝም ብሏል።»

እየሮጥኩ ገባሁ። ሲስተር አይኖ «ጤነኛ ነኝ ብላለች እኮ፣ አንተው ነህ የነገርከኝ» ብላ እጇን ወደ መዝገበ ቃላቱ ስትሰድ፣ አለቃዬ መሆኗን ረስቼ መጽሐፉን በመዳፌ ከደንኩት። «አልተጠየቀችም!» አልኳት። ነገሩ እስኪገባት ብዙ አልቆየም። ወጥታ የጫልቱን ሆድ በእጇና በጆሮዋ መረመረች፣ ፊቷም ተለወጠ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ከኋላ በሁለት በሽተኞች መሐል ጫልቱን አስገባናት፣ ሲስተር አዲስ ካርድ ጽፋ ቡሉኮዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችላት፣ መኪናው ሄደ። ለእኔ ቦታ አልነበረም፤ ሲስተርም ከመኪናው የቀሩትን በሽተኞች ገና ማከም ነበረባት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ነው ያየሁት። የእንግሊዝኛዎቹ ካርዶች ባዷቸውን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተር በጥድፊያ የጻፈችው በገዛ ቋንቋዋ ነው፤ ልትገለብጠው ረስታለች።

እስቲ አስቡት። አንዲት ሴት ማንም የማያነበው ጽሑፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሆስፒታል ትደርሳለች። እንዴት ነሽ ይሏታል። ምን እንደምትመልስ እኔና እናንተ እናውቃለን። መንገድ ወጣሁ። እጄን የዘረጋሁለት የመጀመሪያው መኪና አለፈኝ። ዝናቡ ጀመረ። ጥቂት ተራመድኩ፣ ቆምኩ፣ ደግሞ ሮጥኩ፤ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስረግም ነበር። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚልም ተረት አለን፤ እኔ ያስቀረሁት ግን ደጃዝማችነት አልነበረም። በመጨረሻ አንድ የቡና ጭነት መኪና ከጆንያ ላይ ጫነኝ። ጋራውን ሲወጣ እንደዚያ የሚያዘግም መኪና አይቼ አላውቅም።

ነቀምቴ ሆስፒታል ስደርስ አቶ መንገሻን በረንዳው ላይ አገኘኋቸው፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። የሆነውን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላ የሴትዮዋ ትንፋሽ ሲቆራረጥ አቶ መንገሻ ሰሙ። ዘወር ብለው አዩዋት። «ይቺ ሴት እየሞተች ነው!» ብለው መጮህ ጀመሩ፣ እስከ ሆስፒታሉ በርም አላቆሙም። ዘበኛው ተራ ያዙ ሲል ጮሁበት፤ ተቀባዩ ካርዱን እያገላበጠ ምን እንደሚል ሲጠይቅ «ሴትዮዋን አንብባት!» ብለው ጠረጴዛውን በዚያው ባበጠው ጣታቸው መቱት። ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ሴት ልጅ ወለደች፤ እናትም ልጅም በሕይወት። ጣታቸውን ማሳየት ረስተውት ነበር፤ አስታውሼ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦቦ ቶሌራ ከጊምቢ ተመልሶ አንድ ቅል ማር ይዞ ክሊኒኩ መጣ። ማሩ ለጸሐፊው ነው። አማርኛ ስለማያውቅ ምስጋናውን እንዳስተረጉምለት ለመነኝና አብረን ወደ አቶ መንገሻ ቢሮ ሄድን። ቆሞ፣ በሁለት እጁ ማሩን አቀረበና፣ ረጋ ብሎ ተናገረ። «ይህ ሰው ቋንቋችንን አያውቅም፤ የሚስቴን ሕመም ግን ሰማ። ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ እሱ አልሰማትም።»

ያ ሰው እኔ መሆኔን ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ዓይኑ ጸሐፊው ላይ ነበር።

አቶ መንገሻ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ምን አለ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገርም አላስቀረሁም።