እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር

በስብሰባ መጨረሻ «አስተያየት ያለው?» የሚባለው ለወጉ ያህል መሆኑን የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። በዚህኛው ሰፈር እኚያ ሰው ክብርት ወይዘሮ አስተያየት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሰብስቦ ሊነሳ ሲል የእሳቸው እጅ አየር ላይ ነው። «እውነት እንነጋገር ከተባለ…» ይላሉ። እንነጋገር ያለ ሰው ግን የለም።

ለቅስና የሚማር ልጃቸው አበሳውን አይቷል። የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛው ዘርዐ ክህነት በገባ ቀን አለቃው ወላጆችን «ሐሳብ ካላችሁ» ቢሉ፣ እናቱ ስለ ፍራሾቹ መሳሳት አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ልጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ተመኘ። በወሩ ፍራሾቹ ተቀየሩ።

እመቤታችንም ከአስተያየት አላመለጠችም። ወይዘሮዋ የትራስ ልብስ እያጠፉ ይጸልያሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ «ጸጋ የሞላሽ»፣ አሥር ሲሞላ አንድ የመቁጠሪያ ምስጢር። እድፍ ያልለቀቀው ከተገኘ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል፣ ጸሎቱም አይቆጠርም። በመሃል ወቀሳ አለ፦ «ፈተና አለበት ብዬሽ አልነበር? ምነው ዝም አልሽኝ? አንቺም እኮ ወልደሻል!» ሰባት ዓመት ሙሉ የሆቴሉ እንግዳ የተኛው ለልጃቸው በተጸለየበት ትራስ ላይ ነው።

ልጁ ዲያቆን ሆኖ ቅስናው አንድ ወር ሲቀረው፣ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን አባ በቅዳሴ መጨረሻ ስሙን አነበቡ። «ቄስ እንዳይሆን የሚከለክለው እንቅፋት የሚያውቅ፣ ጽሕፈት ቤት መጥቶ ይናገር።» ዲያቆኑ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። ቦርሳቸውን አንስተዋል።

ተከትሏቸው ሄዶ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። በሩ ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«እውነት እንነጋገር ከተባለ አባ፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ይጥላል። መቁጠሪያ ሦስቴ ጠፍቶበታል። ሲዘምር ከዜማው ይወጣል። የለኝም ላለው ሁሉ የታክሲውን ይሰጥና በእግሩ ይመጣል፤ ጫማ አይበረክትለትም።»

«ሌላስ?» አሉ አባ። ሳቃቸውን እንደያዙ ያስታውቃል።

እናቱ ሲጠየቁ ዝም ሲሉ ልጁ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነው።

«ሌላው እንቅፋት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ለእናቱ ነው። ከእጄ ልልቀቀው እላለሁ፣ አልችልም። ለእመቤታችን ነግሬያታለሁ፤ የራሷን ልጅ ሰጥታ የለ፣ ይገባታል። ይጻፉት፣ አልደብቅም።»

«እሱ እንኳ እንቅፋት ተብሎ አይጻፍም፣ እትዬ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹እናቱ ሰጥታለች› ይበሉ።»

በሩ ሲከፈት ልጁ ቆሞ እያለቀሰ ነበር። «ምን ያስለቅስሃል? አልፈሃል!» አሉት፤ የራሳቸውን እንባ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ቄስ ሆኖ መጀመሪያ በቀደሰ ቀን እናቱ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጠው ቃል ሳይተነፍሱ ዋሉ። ማስታወቂያው ተነቦ አለቀ። አዲሱ ቄስ ሕዝቡን ሊያሰናብት እጁን ዘረጋና ቆም አለ። የሆነ ነገር ጎድሎበታል።

«አስተያየት ያለው?» አለ።

እናቱ እጃቸውን አወጡ።